አባባ፣ በረዳት በኩል!

በእኛ አገር ሰው ሩቅ መንገድ የሚሄደው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ይጠራል፣ ንግሥ ይሳለማል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የመሬት ክርክር ይከታተላል። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ቤተሰቤን ይዤ ባሌ ልሄድ መሆኔን ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምነው፣ ደኅና?» ብለው ነው። ቀጥሎ «እዚያ ዘመድ አላችሁ እንዴ?» ዘመድ የለንም። «ታዲያ ምን ጉዳይ አላችሁ?» ተራራ ልናይ ነው ስላቸው አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ደግሞ ከልቧ «ተራራማ እንጦጦ አለ አይደል?» አለችኝ።

አልፈርድባቸውም። የነዳጁን፣ የአልጋውን፣ የምግቡን ደምሮ «ለማየት ብቻ» ብሎ ያን ሁሉ ማውጣት ለአብዛኞቻችን ቅንጦት ነው። እኛም ቤት «ልጆቹ ትንሽ ይደጉ»፣ «ዕቁቡ ይውጣልን»፣ «መጀመሪያ ጣሪያው ይታደስ» እየተባለ ስንት ዓመት ተላልፏል። ዘንድሮ ግን ማስተላለፍ የማይቻልበት ምክንያት መጣ። ምክንያቱ የአባቴ ዐይን ነው።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። በ80ዎቹ ዓመታት ኤንትሬ እየነዳ ከደሎ መና ቡና ጭኖ በጎባ አድርጎ ናዝሬትና አዲስ አበባ ያደርስ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በጎኑ ያለውን ነገር መሳት ጀመረ። የበሩ መቃን ትከሻውን ይገጨዋል፤ አጠገቡ ያለውን ስኒ በክንዱ ይደፋል፤ ፊት ለፊቱ ያስቀመጡለትን ጋዜጣ ግን ሳይቸገር ያነባል። የዐይን ሐኪሙ መርምሮ ግላኮማ ነው አለን።

ስለ ግላኮማ ጥቂት ልበላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከሞራ ጋር ያደባልቀዋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣና ሰውየው ዳግም ያያል። ግላኮማ ግን ከዐይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው የሚጎዳው፤ በአብዛኛው ሕመም የለውም፤ ከዳር ጀምሮ እየበላ ወደ መሐል ይመጣል። የሚንጠባጠበው መድኃኒት የቀረውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም። በዘር ስለሚመጣም እኔና እህቴ ተለክተናል፤ እናንተም 40 ዓመት ካለፋችሁ፣ ይልቁንም ከቤተሰባችሁ ያለበት ሰው ካለ፣ የዐይናችሁን ግፊት ተለኩ። አባቴ ዛሬ የሚያየው በቧንቧ ውስጥ አሾልቆ እንደሚያይ ሰው ነው።

አንድ ማታ ጠብታውን ካደረግኩለት በኋላ «አባዬ፣ አንድ የምትፈልገውን ቦታ እናሳይህ ብንል የት ትላለህ?» አልኩት። ላሊበላ ይላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ሳነቴን» አለ።

«ስንት ዓመት የተመላለስክበትን?»

«ተመላለስኩበት እንጂ መቼ አየሁት! አንዴ ጨለማ ነው፣ አንዴ ጉም ነው፣ ሁልጊዜ ጭነት አለብኝ። እኔ ያየሁት መንገዱን ነው።»

ሳነቴ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አናት ነው። ከ4,000 ሜትር ከፍታ ወዲያና ወዲህ የተዘረጋ ሰፊ አምባ ሲሆን፣ ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ለእህቴ ባስረዳትም አልሰማችኝም። «ደም ግፊት ያለበትን ሽማግሌ አራት ሺህ ሜትር ላይ ልታወጪው? አንቺ ሰው ነሽ?» አለችኝ። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። እሷ የምትለው፣ አባታችን ቤቱ ቁጭ ብሎ መድኃኒቱን እየወሰደ ረጅም ዕድሜ ይኑርልን ነው። እኔ የምለው፣ ዕድሜው ቢረዝምም ዐይኑ አብሮት ላይረዝም ይችላል ነው። ሁለታችንም እሱን ሳንጠይቅ ነበር የምንከራከረው። በመጨረሻ «ሐኪሙ ይፍረድ» ተባባልን።

የደም ግፊቱን የሚከታተለው ሐኪም አልከለከለንም፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠ። በአንድ ቀን እንዳትወጡ፤ መካከለኛ ከፍታ ላይ ሁለት ሌሊት ደርባችሁ እደሩ። መድኃኒቱን አንድም ቀን አያቋርጥ። ውኃ ይጠጣ። ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ሳትከራከሩ አውርዱት። በዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ወደ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ባለቤቴም አንድ ሳምንት ሙሉ ለሾፌሮችና ለጎባ ነጋዴዎች ስልክ እየደወለ የመንገዱን ሰላም ሲያጣራ ሰነበተ፤ ዛሬ አገር ውስጥ ጉዞ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነውና አላሰለቸውም።

ወቅቱ ጸደይ ነበር። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል መስከረምና አደይ አበባ ይመጣበታል። በአገራችን አቆጣጠር ግን መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው የበልጉ ጊዜ ነው። ተራራ ለመውጣት ምርጡ ወቅት አይደለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ይጠራል፤ በጸደይ ጉም አለ፣ ዝናብ አለ። የልጆቹ ትምህርትና የባለቤቴ ፈቃድ የገጠሙት ግን ያኔ ነው፤ እኛም ያገኘነውን ይዘን ወጣን።

ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። መኪናችን ዝቅ ያለች አሮጌ ኮሮላ ናት። ባለቤቴ ይነዳል፣ አባቴ ጋቢና፣ እኔና ልጆቹ ከኋላ። የ15 ዓመቱ ወንድ ልጄ ሞጆን ሳናልፍ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ስልኩ ውስጥ ገባ። የ9 ዓመቷ እህቱ ግን መስኮት ላይ ተለጥፋ ያየችውን ሁሉ ለአያቷ ትናገራለች። «አባባ፣ በግራ በኩል ግመል!» አባቴ ይዞራል፣ ግመሉ አልፏል። «አባባ፣ በቀኝ!» ይዞራል፣ አልፏል። አሥር ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሾፌሩ ቀልቡ መጣለት መሰለኝ፣ «ስሚኝ፣ ግራ ቀኝ አትበዪኝ። ጋቢና ውስጥ ግራ ቀኝ የለም። በሹፌር በኩል፣ በረዳት በኩል ነው የሚባለው። ደግሞ ሲደርስ አይደለም፤ ሳይደርስ ነው የሚነገረው። ረዳት ሩቅ ያያል» አላት።

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ሌላ ቋንቋ ሆነ። «አባባ፣ በረዳት በኩል፣ ሩቅ፣ በቅሎ የጫነ ሰውዬ!» አባቴ አስቀድሞ አንገቱን አዙሮ ይጠብቃል፤ በቅሎው በጠባቧ መስኮቱ ውስጥ ሲገባ «አገኘሁት» ይላል። ልጄም ማዳመጫውን ከአንዱ ጆሮው አወለቀ። አሰላ ስንደርስ ሁለቱንም አውልቆ ነበር፤ እህቱ ሦስት ነገር ስታሳልፍ አይቶ አላስችል ብሎታል።

አዳማን ከለቀቅን በኋላ ያለውን መንገድ አባቴ በቃሉ ያውቀዋል። ቁሉምሳን፣ አሰላን፣ የጭላሎን ተራራ ሳይነግሩት ይጠራል። በቆጂ ላይ ለሻይ ወረድን። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ፋጡማ ሮባ ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ መውጣታቸውን ስነግራት ልጄ ሻይዋን ጥላ መንገዱን ተሻግራ ሮጠች። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆመች። «እማዬ፣ እዚህ አየሩ አያልቅም?» አለችኝ፤ ማለት የፈለገችው ግን ተቃራኒውን ነው። በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አባቴ በሳቅ ፈነዳ።

ዶዶላንና አዳባን ካለፍን በኋላ መሬቱ ተለወጠ። ባሌ በዓመት ሁለቴ ይዘራል። እኛ ሰፈር አቧራ በሚቦንንበት ሰሞን የእነሱ ማሳ ለምለም ነው። ከሰዓት በኋላ ዲንሾ ገባን፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ከፍታዋ 3,000 ሜትር አልፏል። ሐኪሙ እንዳዘዘው ሁለት ሌሊት እዚያ አደርን።

ስለ ዲንሾ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ወጪውን ለማን እንደማስረዳ አስቤ በተኛሁባት ሌሊት ማግስት ወጪውን የረሳሁት እዚያ ነው። ጠዋት ከአስጎብኚያችን ጋር በጽድና በኮሶ ጫካ ውስጥ በእግር ወጣን። አስጎብኚው ወጣት የአካባቢው ልጅ ነው፤ አባቴ «አካም ጅርቱ» ብሎ ኦሮምኛውን ሲያወርደው ልጁ ከእኛ ጋር መሆኑን ረስቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእሱ ጋር ብቻ ተጫወተ። ኮሶው ዛፍ ሥር ስንደርስ ለልጆቼ ቅርፊቱ የተላላጠውን ግንድና ቀይ ዘለላውን አሳያቸው። አባቴ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄን ዛፍ ለማየት ዐይን አያስፈልገኝም፤ ምላሴ ያውቀዋል» አለና በልጅነቱ እናቱ አፍንጫውን ይዛ ኮሶ እንዴት ታጠጣው እንደነበር ተረከላቸው። ልጄ የኮሶ ትል ምን እንደሆነ እስክትረዳ ድረስ ደስ ብሏት ነበር የምትሰማው።

የእግር ጉዞውን ፍጥነት የወሰነው አባቴ ነው። ጎኑን ስለማያይ እግሩን ሲጥል መሬቱን ማየት አለበት፤ ለማየት ደግሞ መቆም አለበት። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያያል፣ ይሄዳል። በሁለት ሰዓት የሚያልቀውን መንገድ በአራት ሰዓት ነው የጨረስነው። ጫካው ለኛ ሲባል የተለቀቀ ይመስል ከርከሮዎቹ እንኳን ከጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር መጋጣቸውን አላቋረጡም። በዝግታ መሄዳችንን እንስሳቱ የወደዱት ይመስለኛል፤ ከኋላችን የመጡ ፈጠን ያሉ ጎብኚዎች ሲያልፉ ሁሉም ይበረግግ ነበር።

አጋዘኖቹን ያገኘናቸው ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ላይ ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ወንዱ ትልቅ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት ያለበት ነው። ልጄ በሹክሹክታ «አባባ፣ በሹፌር በኩል፣ ከቁጥቋጦው በስተኋላ» አለ። አባቴ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አገኘው። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው።

«የዐሥር ሳንቲሙ!» አለ።

ልጆቹ አልገባቸውም። ዐሥር ሳንቲም አይተው አያውቁማ! በዐሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው ራስ የደጋ አጋዘን ራስ ነው። አባቴ በዕድሜው ስንት ሺህ ጊዜ በእጁ አገላብጦት ይሆን? ባለቤቱን ያየው ግን ያኔ ነው።

አስጎብኚው ሌላም ነገር ነገረን። ከዲንሾ ወዲያ፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባል ቦታ፣ 3,469 ሜትር ላይ የድንጋይ ጥላ አለ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ተራራው ላይ በረዶ ግግር ባለበት ዘመን ማለት ነው። ዋና ምግባቸው በእሳት የጠበሱት ግዙፍ ፍልፈል ነበር፤ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ዛሬም ሳነቴን የሞላው። የኔ ልጅ «ታዲያ እነሱ ምን ጉዳይ ኖሯቸው ነው እዚህ የወጡት?» አለ። የመሥሪያ ቤቴን ወሬ በመኪና ውስጥ ሲሰማ የተኛ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎባ ገብተን አደርን። ኮሮላችን ሳነቴን ስለማትችለው ላንድ ክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራየን። ሾፌሩ አምሳ የሚሆነው፣ ቁጥብ ሰው ነው። አባቴ የኤንትሬ ሾፌር እንደነበር ሲሰማ የጋቢናውን በር ራሱ ከፍቶ «ይግቡ ጋሼ» አለው። ከዚያ ወዲያ ለእኛ የተረፈን አክብሮት ጥቂት ነው።

አምባው ላይ ስንወጣ ጉም ዋጠን። አሥር ሜትር ወዲያ ምንም የለም። ጅባራዎቹ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብለው የሚቆሙት እነዚያ ረጃጅም የተራራ ተክሎች፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። ጥቂት ቆይቶ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ። ለሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ቆሎ በላን፣ ሻይ ጠጣን። ልጄ ራሷን አመማት። «እንውረድ» አልኩ፤ አንድም ሰው አልተከራከረም። አባቴ ስንወርድ በሙሉ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄ ነው እንግዲህ፤ የማውቀው ሳነቴ ይሄ ነው።» በቁጣ አይደለም። እንዲያውም ጉሙን እንደ ድሮ ወዳጅ ነው የተቀበለው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለቤቴ በማግስቱ መመለስ ነበረበት፤ ፈቃዱ ያበቃል፣ ገንዘባችንም እየሳሳ ነው። የመኪናው ኪራይ ለአንድ ቀን ተብሎ ነው የተያዘው። ማታ በሆቴሉ በረንዳ ላይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተነጋገርን። እሱ «ነገም ጉም ቢሆንስ?» ይላል፤ ልክ ነው። ልጃችንን ደግማ ብታማትስ? እሱም ልክ ነው። «ሌላ ጊዜ እናመጣዋለን» ሲለኝ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። የሚቀጥለው ዓመት የአባቴ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚጠብ ሐኪሙም አያውቅም። ባለቤቴ ተነሥቶ ለአለቃው ስልክ ደወለ። ሾፌሩ ደግሞ በአባቴ ምክንያት ሁለተኛውን ቀን በግማሽ ዋጋ ተስማማ፤ «በጉም ሰው አስወጥቼ ገንዘብ መቀበል ደስ አይለኝም» ብሎ። ልጃችን ሌሊቱን ሰላም አድራ፣ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ጫማዋን አጥልቃ ተገኘች።

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ከአስታው ቁጥቋጦ ስንወጣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር።

አምባውን ያላየ ሰው ለጥ ያለ ሜዳ ይመስለዋል። ሜዳም አይደለም፣ ተራራም አይደለም። ብርማ ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ትንንሽ ኩሬዎች የተበተኑበት፣ ጅባራ እዚህም እዚያም የተተከለበት፣ ዳርቻው የማይታይ ቦታ ነው። ጅባራ ለብዙ ዓመት በቅጠል ብቻ ይኖርና አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል። ፍልፈሎቹ ባሉበት ደግሞ እሱ አለ፦ ቀይ ቀበሮ። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት አገራችን ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ። ጠላቱ ጥይት አይደለም፤ መሬቱ መጥበቡና ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሾቹን መከተብ ቀበሮውን የማዳኛ አንዱ ሥራ ሆኗል።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «በሹፌር በኩል» አለ፤ የኛን ቋንቋ ከትናንት ጀምሮ ለምዷል።

ሁላችንም አየነው። ቀይ ነው፣ እግሩ ረጅም፣ ጅራቱ ጫፉ ጥቁር። አባቴ ግን አላየውም። ቀበሮው ይንቀሳቀሳል፤ አባቴ ባገኘው ቁጥር ከጠባቧ መስኮት ይወጣበታል። «የት?»፣ «እዚያ!»፣ «የት?» ልጄ ከመኪናው ወርዶ አያቱን ደግፎ አወረደው። ከኋላው ቆመና ክንዱን በአያቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ ከጉንጩ ጋር አስጠግቶ፣ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ቀጥ አድርጎ ዘረጋ። «በክንዴ ላይ እይ አባባ። ዝም ብለህ በክንዴ ላይ እይ።» ክንዱን ቀበሮው ሲሄድ አብሮ ያንቀሳቅሳል። አባቴ ይስታል፣ ያገኛል፣ ይስታል። ከዚያ ቀበሮው ቆመ። አንድ የፍልፈል ጉድጓድ አግኝቷል። አፉን ወደ ጉድጓዱ አዙሮ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ድንጋይ ሆነ። አደኑ እንዲህ ነው፤ ረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል።

«አገኘሁት» አለ አባቴ።

ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አልቆጠርኩም። ልጄ ክንዱ ሲዝል በሌላው እጁ ደገፈው እንጂ አላወረደውም። ቀበሮው ድንገት ዘለለ፣ አፈር ተበተነ፣ ባዶውን ተመለሰ። አባቴ «ስቶታል፤ አይዞህ» አለው፤ ለቀበሮው።

ቱሉ ዲምቱ አምባው ላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። 4,377 ሜትር ነው፤ በአገራችን ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች አንዱ። መኪና እስከ አናቱ ስለሚወጣ አባቴና ባለቤቴ በመኪና፣ እኔና ልጆቹ ከግርጌው ጀምረን በእግር ለመውጣት ተስማማን። ከሩቅ ሲያዩት እዚህ ግባ የማይባል ነው። በየሃያ እርምጃው መቆም ነበረብን። ልጄ ትቆጥራለች፣ ሃያ ሲሞላ ሦስታችንም ድንጋይ ላይ ዘፍ እንላለን። ልብ በጆሮ ውስጥ ይመታል። «የበቆጂው አየር ይሻላል» አለች። ወንድሟ ቦርሳዋን ተቀበላት፤ ሳትለምነው ሲያደርገው ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ምናልባት ለመከራከር ትንፋሽ አጥሮት ይሆናል።

አናቱ ላይ የሚያምር ነገር የለም። ድንጋይ፣ አንቴና፣ ነፋስ። ባለቤቴ አባቴን ጋቢ አከናንቦ ክንዱን ይዞታል። «ራስዎን አያምዎትም? ትንፋሽዎ ደኅና ነው?» ይለዋል በየደቂቃው፤ አባቴ ደግሞ «አንተ ይልቅ ደኅና ነህ? ፊትህ አመድ መስሏል» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ከሁላችንም የባሰበት ባለቤቴ ነበር።

እኛ የደረስነው ሦስታችን አንዴ ዞር ዞር ብለን ሁሉን አየንና ጨረስን። አባቴ ግን እንደኛ ሁሉን በአንዴ ማየት አይችልም። ስለዚህ ቁራጭ በቁራጭ አየው። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ያያል፤ ትንሽ ይዞራል፤ ያያል። ልጆቹ በግራና በቀኝ ቆመው «አሁን ኩሬ አለ»፣ «አሁን ጥቁር ድንጋይ»፣ «አሁን መንገዱ፣ እኛ የመጣንበት» ይሉታል። አንድ ዙር ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀበት። መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆየ። ነጭ ክር መስሎ አምባውን አቋርጦ ይሄዳል፤ አንድ አይሱዙ ከሩቅ ይሳባል።

«ከዚህ ሲታይ እንዴት ትንሽ ነው!» አለ። «ደሎ መና በየት በኩል ነው?»

ሾፌሩ ወደ ደቡብ አዞረው። አምባው የሚያበቃበት ጫፍ፣ ከሥሩ የሐረና ጫካ፣ በላዩ ደመና እንደ ጥጥ ተነጥፎበታል። እዚያ ላይ ስንት ሌሊት እንዳሳለፈ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። «በል እንሂድ፣ ብርድ ነው፤ ሻይ የለም እንዴ?» አለ።

ከቀትር በኋላ በሐረና በኩል ወረድን። ከአምባው ጫፍ መንገዱ እየተጠመዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብርዱ ወደ እርጥብ ሙቀት፣ ሽበት ከመሰለ የዛፍ ሽበቶ ወደ ቀርከሃ ትገባላችሁ። ከታች በዱር የሚበቅለው ቡና አለ። ሪራ የምትባል መንደር ላይ ማር ገዝተን ልንመለስ ነው።

አባቴ ጋቢና ተቀምጦ ዐይኑን ጨፈነ። የደከመው መሰለኝ። «ጭነት ይዤ የምወጣው በዚህ ነበር» አለ፤ «በአንደኛ ማርሽ፣ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከኋላ እየሮጠ፤ መኪናው ካፈገፈገ ጎማው ሥር እንዲያስቀምጥ።» ከዚያ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «አሁን በረዳት በኩል ይጠመዘዛል» አለ። ተጠመዘዘ። «አሁን በሹፌር በኩል፣ ጠበቅ ያለ ነው።» ነው። ልጆቹ ከኋላ ትንፋሻቸውን ውጠው መቁጠር ጀመሩ። ሦስተኛውን አገኘ፣ አራተኛውን አገኘ። አምስተኛው ላይ «በሹፌር በኩል፣ ከታች ገደል አለ፣ ቀስ በል» ሲል መኪናው ቀጥ ብሎ አለፈ።

አባቴ ዐይኑን ገለጠ።

«እሱን እንኳን አቅንተውታል ጋሼ» አለ ሾፌሩ።

«መቼ?»

«ቆየ።»

«ጥሩ አደረጉ» አለ አባቴ፤ መልሶም ጨፈነ።